ሞጆ ላይ ያመለጠ ባቡር

ወላይታ ሶዶ ባቡር ጣቢያ ኖሯት አያውቅም። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ወደ ደቡብ ግን አንድም ቅርንጫፍ አልዘረጋም። ለሶዶ ሰው ቅርቡ ጣቢያ ሞጆ ነበር። ቅርብ ስል በቦዲቲ፣ በአላባ ቁሊቶ፣ በሻሸመኔና በዝዋይ አድርጎ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለቴ ነው። እንዲያም ሆኖ በ1970ዎቹ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ዳሞታ ተራራ ሥር ባለው ሰፈራችን «ባቡሩ ዘግይቷል» የሚል ወሬ ከተሰማ ኩራዝ ሳይጠፋ የሚያድርባቸው ቤቶች ነበሩ። የእኛ ቤት አንዱ ነው።

ምክንያቱ ሸንኮራ አገዳ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ በ1955 የሸዋው ሲከተል፣ በ1962 ደግሞ መተሐራ ሲጨመር፣ ያን ሁሉ አገዳ የሚቆርጥ ክንድ ከየትም አይገኝም ነበር። ከወላይታ፣ ከከምባታና ከሃዲያ መጣ። የወላይታ መሬት ለም ነው፤ ሰዉ ብዙ፣ ማሳው ግን ጠባብ። አባት ለልጅ እየቆረሰ ሲያካፍል፣ ልጅም ለልጁ ሲቆርስ፣ እንሰቱና ቦይናው፣ በቆሎውና ስኳር ድንቹ በአንዲት ጓሮ ተፋፍገው የሚበቅሉበት ጊዜ መጣ። ስለዚህ ጊፋታ ባለፈ ማግስት ጉዞ ነበር። ወንዱ ለሥጋው፣ ሴቷ ለቅቤው ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት መስከረም ላይ ይወጣል፤ ይበላል፣ ይዘፈናል፣ የተጣላ ይታረቃል። ከዚያ ጉልበት ያለው ወንድ ቆንጨራውን በጨርቅ ጠቅልሎ መናኸሪያ ይወርዳል።

አስቀጣሪዎች በጭነት መኪና አሳፍረው የሚወስዷቸው ብዙዎች ነበሩ። አባቴ ግን ባቡር ይወድ ነበር። ወንጂ ከሐዲዱ ራቅ ይላል፤ መተሐራ ግን ሐዲዱ ላይ ነው። ሞጆ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ እዚያ ባቡር የያዘ ሰው፣ ናዝሬትንና ወለንጪቲን አልፎ እርሻው አጠገብ ይወርዳል። አባቴ ስለዚያ መንገድ ሲያወራ ድምፁ ይለወጥ ነበር። የእንጨቱን ወንበር፣ በየጣቢያው ወተትና ሙዝ ይዘው በመስኮት የሚያቀርቡትን ሴቶች፣ የፈንታሌን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይነግረናል። ከሁሉ ደግሞ የበሰቃን ሐይቅ። ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ወደ ሐዲዱ ይጠጋ ነበርና የሐዲዱን መደብ በድንጋይና በአፈር ደጋግመው ከፍ አድርገውታል። ባቡሩ ውሃ መሐል በተሠራ ቀጭን መንገድ ላይ ቀስ እያለ ሲያልፍ ተሳፋሪው ሁሉ ዝም ይላል ይለን ነበር። ከሶዶ ቁልቁል የሚታየውን አባያን ለምናውቅ ልጆች፣ ባቡር የሚያልፍበት ሐይቅ አለ መባሉ ከተረት በላይ ነበር።

መናኸሪያው ያኔ በአጥር የተከበበ ሰፊ አቧራማ ሜዳ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ በሩ ዙሪያ ሰው ይሞላል። ከዳሞታ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል፤ ጋቢ የሌለው ጆንያ ይደርባል። የሻይ ቤቶቹ ማሾ ከሩቅ ይታያል። ትኬቱ ከዋዜማው የተቆረጠ ቢሆንም በሩ ሲከፈት መሮጥ ግድ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ እስከ ሻሸመኔ አቧራ ሲጠጣ ይውላል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሲያሞቅ ረዳቱ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ከታች የሚቀበለው ብዙ ነው፦ በኮባ የተጠቀለለ የወላይታ ቅቤ፣ የቦይና ጆንያ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ ቆጮ፣ ከአርባ ምንጭ ትናንት የገባ ሙዝ። ሁሉን በሸራ ሸፍኖ በገመድ ጠፍሮ ሲወርድ እጁ ቅቤ ቅቤ ይላል። ያ ቅቤ ዝዋይ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው እየቀለጠ በመስኮቱ ይንጠባጠብ እንደነበር አባቴ ሲነግረን እናቴ ከልቧ ታዝን ነበር፤ ወተቱን እንዴት አድርጋ እንዳጠራቀመች የምታውቀው እሷ ናት።

ከዚያ ጭነት ሁሉ የሚከብደው ግን በእጅ የሚሰጠው ነበር። አደራው።

የአባቴ ገንዘብ ወደ ቤታችን የሚመጣበትን መንገድ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል። ብሩ በመሐረብ ጥግ ተቋጥሮ ከመርቲ ካምፕ ይነሳል። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ የአገር ልጅ ባቡር ላይ ይይዘዋል። ሞጆ ሲደርስ ባቡሩ እስኪንቀሳቀስ ባለችው ጥቂት ጊዜ በመስኮት ለአንዲት የሻይ ቤት ባለቤት ያቀብላል። እሳቸው ከጣቢያው ወደ ዋናው መንገድ ይወጡና ወደ ሻሸመኔ ለሚወርድ ሾፌር ይሰጣሉ። ሻሸመኔ መናኸሪያ ላይ የሶዶው ረዳት ይረከባል። ሶዶ ሲገባ ረዳቱ የአውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ የእናቴን ስም ይጣራል። አራት እጅ ነው። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ። እናቴ የምታውቀው የመጨረሻውን ልጅ ብቻ ነበር። ገንዘቡ ዘግይቶ ያውቃል፤ ጎድሎ ግን አያውቅም።

ከሶዶም የሚሄድ ነበር። እናቴ ጎህ ሳይቀድ ይዛኝ ትወርድና ከሾፌሩ በር አጠገብ ትቆማለች።

«ጋሼ፣ ይቺን ለሞጆዋ አደራ። ዳጣ ናት፣ ከሥሯ ደብዳቤ አለ። እንዳይረሱብኝ።»

«አይዞሽ እህቴ። ሻሸመኔ ለናዝሬቱ ሾፌር በእጁ ነው የምሰጠው። ልጁ ደህና ነው? ሳል ነበረበት ብለሽኝ ነበር።»

ስለ እኔ ሳል ነው የሚጠይቃት። በቀን ስንት መቶ ሰው የሚያይ ሾፌር የአንድ ልጅ ሳል ያስታውሳል። መናኸሪያችን እንዲህ ነበር፤ እኔ ናፈቀኝ የምለውም ይህን ነው፣ አቧራውንና ግፊያውን አይደለም።

ደብዳቤው የተጻፈው በወላይትኛ ነው፣ በፊደል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች ወላይትኛ አንዱ ነበርና፣ እናቴም አባቴም ጎልማሳ ሆነው ማታ ማታ ነው ሀሁ የቆጠሩት። ሁለቱም በሚያውቁት ቋንቋ፣ በተማሩት ፊደል፣ በሌላ ሰው እጅ ሳይገቡ መጻጻፍ ቻሉ። ከዚያ በፊት ደብዳቤ የሚያጽፍ ሰው ምስጢሩን ለጸሐፊው እየነገረ ነበር። ዘመቻው ለትዳር ያደረገውን ይህን ውለታ የጻፈለት ሰው አላጋጠመኝም።

ታዲያ አውቶቡሱና ባቡሩ አንድ ሰዓት አልነበራቸውም። አንዱ የሌላውን መድረስ አይጠብቅም። አላባ ላይ ጎማ ከፈነዳ፣ ክሪክ ተፈልጎ እስኪቀየር፣ መቂ ላይ ራዲያተር ከፈላ፣ ውሃ ተቀድቶ እስኪበርድ፣ የሞጆው ባቡር ያልፋል። ባቡሩም በበኩሉ ሰዓቱን የሚያከብርበት ቀን ነበር፣ የማያከብርበትም። ነጠላ ሐዲድ ስለሆነ ከፊት የሚመጣው እስኪያልፍ በየጣቢያው ቆሞ መጠበቅ አለ፤ ሎኮሞቲቩ ከተበላሸ ደግሞ ሌላ እስኪላክ ድረስ ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ ይበተናል። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ ከ1969 መጨረሻ ጀምሮ፣ ድልድዮች ፈርሰው ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መስመር ለወራት ተዘግቶ ነበር።

ባቡር ያመለጠው ሰው ሞጆ ያድራል። እኚያ የሻይ ቤት ባለቤት የሚታወቁት በዚህም ነበር። ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሃዲያ የመጣ ቆራጭ ሁሉ ጆንያውን ዘርግቶ በረንዳቸው ላይ ያድራል፤ ማለዳ ላይ ሻይ በዳቦ ይሰጡታል፤ የሌለው ሲመለስ ይከፍላል። አባቴ ሲመለስ የሚከፍለውን ዕዳ ብሎ አያውቅም፤ «የሞጆዋ ድርሻ» ነበር የሚለው፤ ገንዘብ ሲቆጥርም መጀመሪያ የሚለየው እሱን ነው።

ጥር 1977 ዓ.ም. አልረሳውም። አዋሽ አጠገብ ባቡር ገደል ገባ ተባለ። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ የመንገደኛ ባቡር ነው፤ ጠማማ ድልድይ ላይ በፍጥነት ሲታጠፍ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደሉ ውስጥ ወደቁ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። እስከ ዛሬ በአፍሪካ ከደረሱ የባቡር አደጋዎች እጅግ ከከፉት የሚቆጠር ነው። ያ ዓመት ቀድሞውኑ የረሃብ ዓመት ነበር፤ በወላይታም ብዙ ቤት ተዘግቷል። ሰው ለልቅሶ እንኳ አቅም አጥቶ ሳለ ነው ይህ የመጣው።

ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮ ያለው አንድ ቤት ነበር። ወሬው ከዚያ ወጥቶ ከየጓሮው ሴቶችን አወጣ። አዋሽ ከመተሐራ ምን ያህል እንደሚርቅ ማን ያውቃል? ለእኛ ያ አገር ሁሉ «አዋሽ» ነው። በማግስቱ እናቴ እኔን አስከትላ መናኸሪያ ስትወርድ አጥሩ ዙሪያ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ቆመው ነበር። ማንም ቢሮ፣ ማንም ፖሊስ ጣቢያ አልሄደም። ሁሉም የመጣው ከሻሸመኔ የሚገባውን አውቶቡስ ሊጠብቅ ነው። ቀኑን ሙሉ ጠበቅን። የሻይ ቤቶቹ ባለቤቶች ለቆሙት ውሃ አዞሩ፤ ተራ አስከባሪው በሩን ከፍቶ ጥላው ሥር አስገባን።

አውቶቡሱ የገባው አመሻሽ ላይ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ ወጥቶ ቆመና ጮክ ብሎ ተናገረ። ከናዝሬት ከመጡት ጠይቆ ነበር። ባቡሩ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ነው የወደቀው፣ መተሐራ ገና አልደረሰም፤ የመርቲና የአባድር ሠራተኛ ከዚያ አይሳፈርም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከአዋሽ ወዲያ ጥጥ እርሻ የሄደ ዘመድ ያላችሁ ግን ቆዩ አለ። ቆዩ። እናቴም የእሷን ብትሰማም አልሄደችም፤ ከእነሱ ጋር እስከ ማታ ተቀመጠች። የአባቴ ደብዳቤ በዚያው በአራት እጅ ዞሮ የደረሰን ከቀናት በኋላ ነው። በአንድ የሲጋራ ወረቀት ጀርባ ሰላም መሆኑን ብቻ ጽፎ ነበር።

ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። በሁምቦ ወደ አርባ ምንጭ፣ በአረካ ወደ ሆሳዕና፣ በበሌ ወደ ዳውሮ፣ ሌላው ወደ ሳውላ። ስለዚህ መንገድ ሲዘጋ የማይነካት ወገን የለም። በክረምት የሳውላ መንገድ ጭቃ ይሆንና መኪናው ባለበት ሰምጦ ይቀራል፤ ከጋሞ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች ሞልተው ምዕራብ አባያ ላይ መንገዱን ይቆርጣሉ። ያን ጊዜ መናኸሪያው መንገደኛ አጭቆ ያድራል። አልጋ ቤት ለሁሉም አይበቃም፣ ገንዘቡም ለሁሉም የለም። አያቴ ቤት ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም ነበርና ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንግዳ ያልነበረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የጎፋ እናት ከነሕፃኗ፣ ወደ ሐኪም ቤት የመጣ የዳውሮ ሽማግሌ፣ ኦቶና ሆስፒታል ታማሚ አስተኝተው መመለሻ ያጡ ወንድማማቾች። የሚነጋገሩት ግማሽ በወላይትኛ፣ ግማሽ በአማርኛ፣ የቀረውን በእጅ ነው። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ቋንቋቸው ይቀራረባልና ሲመሽ ምድጃው ዳር መግባባት አያቅትም። እኔ የደቡብን ካርታ የተማርኩት ከትምህርት ቤት አስቀድሞ በዚያ ምድጃ ዙሪያ ነው።

ግንቦት 1983 ላይ ደግሞ መኪና ጭራሽ ቆመ። መንግሥት ተለውጦ፣ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ በእግሩ ወደ አገሩ ይመለስ ነበር። መናኸሪያው ባዶ ሆኖ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። እነዚያው ሻይ ቤቶች ለወታደሮቹ ሻይ ሲቀዱ አይቻለሁ፤ ከየት እንደመጡ ሳይጠይቁ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቶሎ የሆነ ይመስለኛል። በሆሳዕና በኩል አስፋልቱ ሲገባ አዲስ አበባ ቀረበች። ቅጥቅጥ ኢሱዙው፣ ከዚያ ሚኒባሱና አባዱላው መጡ፤ ትልልቆቹ አውቶቡሶች አንድ በአንድ ጠፉ። በ1999 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ከመላ አገሪቱ ተማሪ ጎረፈ። ኦሞ ላይ ግልገል ጊቤ ሦስት ሲሠራ የግድቡ ሠራተኛ መናኸሪያውን አጨናነቀው። ነሐሴ 2015 ላይ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ መቀመጫ ሆነች። ከተማዬ በማደጓ ደስ ይለኛል፤ ያለ ማመንታት ነው የምለው። ልጄ ሲታመም ሐኪም ፍለጋ ሌሊት አቧራ ላይ አልቆምም። ገንዘብም ዛሬ በስልክ፣ በቴሌብር ይደርሳል፣ አራት እጅ አያስፈልገውም።

የቀድሞው ባቡር በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ መነሳቱን አቆመ። የለገሃር ጣቢያ ቆማ ቀረች። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የጅቡቲ መስመር በ2009 መስከረም ሲመረቅ አባቴ በቴሌቪዥን ተመለከተ፤ ሞጆ ስትጠራ ከመቀመጫው ቀና አለ። አዲሱ ሐዲድ የድሮውን ጣቢያ አልተከተለም፣ ከከተሞቹ ወጣ ብሎ ነው የሚያልፈው። ከዚያ ቀደም ብሎ በወጣው የባቡር ዕቅድ ውስጥ ከሞጆ ተነስቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ ወደ ኮንሶ የሚወርድ መስመር ነበረበት። ይህ ወሬ ሶዶ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ብዙ ተነጋገሩበት፤ ሐዲዱ የት ጋ እንደሚያልፍ፣ ጣቢያው የት እንደሚሆን። አባቴ ዓመት እየቆጠረ ይጠይቀኝ ነበር፦ «ጀመሩት?» አልጀመሩትም። ሳይጀምሩት አረፈ።

አሁንም መንገድ ይዘጋል። በ2012 ክረምት ሻሸመኔ ላይ በተነሳው ሁከት ስንቱ ሰው በሆሳዕና ዞሮ፣ ስንቱ ባለበት ከርሞ እንደነበር የቅርብ ትዝታ ነው። ያኔ እኔም አዲስ አበባ ሆኜ የእናቴን ስልክ ደጋግሜ እደውል ነበር። ዛሬ ዛሬ ወሬ በደቂቃ ይደርሰኛል፣ ፎቶውም ጭምር። ግን የማላውቃቸው ሰዎች የላኩት ነው፤ እውነት ይሁን ሐሰት የምጠይቀው ሾፌር የለኝም። እናቴ ያን ሰሞን መናኸሪያ ወርዳ ነበር አሉ። የሚጠብቅ ሰው ስላጣች ተመለሰች።

የዚያ ዘመን ሾፌሮችና ረዳቶች ጥቂቶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። አንዳንዶቹን ጊፋታ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ዱንጉዛ ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ሰው እየሳመ ያልፋቸዋል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች መቅረጫ ይዘው ቢሄዱላቸው ምንኛ በወደድሁ፤ ዛሬ ነገ ሳይባል። ስለ ነገሥታቱ፣ ስለ ካዎ ጦና የተጻፈ አለን፤ ይህን ያህል ዓመት የአንድ ሕዝብ ደሞዝና ደብዳቤ በእጃቸው ስላመላለሱት ሰዎች ግን አንድ ገጽ የለንም። የሚጠየቁት ብዙ ነው፤ ያልደረሰ ሰው አደራ ሲቀርባቸው ምን ያደርጉ ነበር? የሞተ ሰው ገንዘብ ለማን አስረከቡ? ረሃቡ ጊዜ በነፃ ያሳፈሩት ስንቱን ነው?

ለእኔ ደግሞ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። የሞጆዋ የሻይ ቤት ባለቤት ስማቸው ማን ነበር? እናቴ ያን ሁሉ ዓመት ዳጣ ልካላቸዋለች፤ የቤቷ ገንዘብ በእጃቸው አልፏል፤ ስማቸውን ግን አታውቀውም። አባቴም ሲጠራቸው የሰማሁት «የሞጆዋ» ብሎ ብቻ ነው።